የጋሽ ሙጫ ጥዶች

ኅዳር 9 ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በሙሉ ጤና ያግኝሽ። የነካሽው ቁስል ሁሉ ይጠግግ፣ የረገጥሽው ደጅ ሁሉ ሰላም ይሁን። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። «አለሁ» ስልሽ እንደ ወትሮው ለወግ አይደለም። ዘንድሮ ይህቺን ቃል በዋዛ አላገኘኋትም።

እዚህ በሰው አገር ሰደድ እሳት የሚያጠፋ ቡድን ውስጥ መቀጠሬን ነግሬሽ ነበር። በበጋው መጨረሻ እሳቱ ሸለቆውን ዘሎ ከኋላችን መጣ። እሳት መሬት ለመሬት ብቻ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። በጥዶቹ አናት ላይ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ሲመጣ ድምፁ የባቡር ነው። ሙጫው ግንዱ ውስጥ ይፈላና ዛፉ እንደ ጥይት ይጮኻል። ቀድሞ ወደተቃጠለው ሜዳ ሮጠን በደረታችን ተደፋን። አጠገቤ የተደፋው የቡድናችን ሹፌር ነበር፤ ሁልጊዜ እያፏጨ የሚነዳው። ጓንቱ የት እንደወደቀበት እንጃ። ጎትተን ስናወጣው የእጁ ቆዳ እንደ ጓንት ተገፎ እጄ ላይ ቀረ። ሆስፒታል ትንሽ ሰንብቶ ሞተ። እኔ ከጆሮዬ እስከ አንገቴ ጠባሳ ቀርቶብኛል እንጂ ደህና ነኝ።

አሁን እዚያው ደን ውስጥ የደረቀውን እየጣልን ችግኝ እንተክላለን። እዚህ አንድ የጥድ ዓይነት አለ፤ ፍሬው በሙጫ ተለስኖ፣ እንደ ጡጫ ተጨብጦ፣ ዛፉ ላይ ዓመታት ይቀመጣል። እሳት ካልነካው አይከፈትም። እሳቱ ባለፈ ማግሥት አመዱ ላይ ቁጭ ብዬ ፍሬዎቹ ሲንጣጡ ሰማሁ። ዘሩ ባለ ክንፍ ነው፤ እየተሽከረከረ አመድ ላይ ይረግፋል። ሹፌራችንን የበላው እሳት የዛፉ አዋላጅ መሆኑን ሳስብ መናደድም መደነቅም አቃተኝ።

ስለ ወንድሜ ንገሪኝ። ጉልቤ ከጻፈልኝ ዓመት ሊሆነው ነው። ካምፓችን ስልክ አይሠራም፤ ከተማ ስንወርድ ስደውልለት ደግሞ አያነሳም። ሥራ ይዟል ይላሉ። ምን ሥራ? እናታችን ካረፈች ወዲህ ከአንቺ ሌላ እናት የለውም፤ እኔም እንደዚያው። የአባታችንን ቤት ጣሪያ ላድስ አስቤያለሁና ጥሩ ጥሩ የጥድ ወራጅ ይፈልግልኝ በይው።

ያሳደግሽው ልጅሽ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ለልጄ፣ ለወንድሜ ልጅ፣

ከእሳት ያወጣህ አምላክ ከብርዱም ከሰው ክፋትም ያውጣህ። ያ ሹፌር ነፍሱን ይማር፤ አላውቀውም ብዬ ዕንባዬን አልከለከልኩትም። አንገትህን ቅባት ቀባው፣ ፀሐይ አታስነካው። ይህን የምልህ አክስትህ ሳልሆን ነርሷ ናት፤ ለእሷ ታዘዝ።

እዚህም ሰላም አይደለም። ከከተማችን በላይ ያለው የጥድ ደን ውስጥ ቆራጮች ከገቡ ከረሙ። የጣውላ ነጋዴው ታች መንገድ ላይ መኪና አቁሞ ይጠብቃል፣ እነሱ ከላይ ይጥላሉ። ፈቃድ የላቸውም። «ፈቃዳችሁን አሳዩኝ» የሚላቸውም ጋሽ ሙጫ ብቻ ነው። የደኑን ዘበኛ መቼም አትረሳውም፤ የጥድ ፍሬ ስትለቅሙ ጆሯችሁን ይዞ ቤቴ ያመጣችሁ የነበረው። አንዴ ከያዘ አይለቅም ብለው ነው ይህን ስም ያወጡለት።

በቀደም ጭኑን የሞተር መጋዝ የበላው ወጣት አመጡልኝ። በበር ሳንቃ ላይ አስተኝተው ተሸክመውት መጡ፤ ደሙ ከደጃፉ እስከ አልጋው ጅረት ሠርቷል። አጥንቱ ይታየኛል። ምን ሆነህ ነው ብለው ማገዶ ስፈልጥ ነው አለኝ። የፈለጥከው ማገዶ ደግሞ መልሶ ፈለጠህ ወይ አልኩትና ሰፋሁት።

በማግሥቱ ጋሽ ሙጫ ራሱ መጣ። የግራ እጁን ድንጋይ ላይ አስደግፈው በመጥረቢያ እጀታ ጣቶቹን አንድ በአንድ አድቅቀውበታል። ሁለቱን ማዳን አልቻልኩም። ማን ነው የያዘህ፣ ማን ነው የመታህ ብዬ ጠየቅኩት። ፊታቸውን ሸፍነው ነበር አለኝ። ዓይን ዓይኔን እያየ ነው ያለኝ፤ ከዚያ እሱ አንገቱን ደፋ። ጣቱን ስቆርጥ እንኳ የሚያወራው ስለ ዛፎቹ ነበር። ከታችኛው ሰፈር አናት ላይ ባለው ገደል ያሉትን ትልልቆቹን ጀምረዋቸዋል አለ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሲመጣ እነዚያ ቀጫጭን ቅጠሎች ናቸው የሚያልቡት፤ ጠብ ጠብ እያለ ሥሩ ይገባል፣ ምንጫችን ያ ነው። እሱ ይህን ሲነግረኝ እኔ እጁን እጠቀልል ነበር።

ጉልቤ ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ትከሻው ሰፍቶ በበሬ አላልፍ ብሏል። ወራጁን እነግረዋለሁ።

ገንዘብ አትላክልኝ፤ አልቸገረኝም። ከተቻለህ የቁስል መስፊያ ክር ላክልኝ፤ የጤና ጣቢያችን ሊያልቅ ነው።

አክስትህ


የካቲት 20 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

ቤትሽን ሰላም ይሙላው፣ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው። ክሩን ልኬያለሁ፤ የሆስፒታሉ ሰዎች ለምን እንደምፈልገው ሲሰሙ ከጠየቅኩት በላይ ሰጡኝ።

ጉልቤ በመጨረሻ ፎቶ ላከልኝ። የወደቀ ጥድ ላይ ቆሟል። ከግንዱ ሥር የቆመ አንድ ጓደኛው አለ፤ ግንዱ ለእሱ ደረቱ ጋ ይደርሳል። «ወራጅህ ይኸውልህ» ይላል ጽሑፉ። የጉልቤን ጥርስ ሳይ ልቤ ሞቀ፤ ስንት ጊዜዬ ሲስቅ ካየሁት። ቆይቼ ነው ከኋላው ያለውን ያየሁት። ያ ገደል ታችኛው ሰፈርን ቁልቁል የሚያየው አይደለም? ግማሹ ጉቶ ሆኗል።

አክስቴ፣ ለምን አልነገርሽኝም? «ደህና ነው፣ ይበላል» ብቻ። ጋሽ ሙጫን ሲደበድቡት እሱ የት ነበር?

እዚህ አለቃችን አንዲት ጉልበተኛ ሴት ናት፤ እንደ ወንድ ትራገማለች፣ እንደ እናት ትቆጣለች። በቀደም ከአንድ ጥድ ሥር አፈር ዝቃ አሳየችኝ። ነጭ ክር የመሰለ ነገር ሥሩን ተብትቦታል። እንጉዳይ ነው። እሱ ከአፈሩ ውኃና ጨው እየመጠጠ ለዛፉ ይሰጣል፣ ዛፉ ከፀሐይ የሠራውን ስኳር ይከፍለዋል። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ዛፍ ሲቆረጥ ደግሞ ሥሩ ያን ቀን አይሞትም አለችኝ። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመትና ከዚያ በላይ፣ አፈሩን ጨብጦ ይቆያል። ቀስ እያለ ይበሰብስና ጣቱን ይፈታል። ተራራ የሚወርደው ዛፉ በተቆረጠ ሰሞን ሳይሆን ሁሉም ሰው በረሳው ጊዜ ነው።

መቼም ሰው መብላት አለበት፤ ሥራ ፈልጎ ያጣውን ልጅ ከዚህ ሆኜ ልፈርድበት አልችልም። ግን ገደሉን ይተው። ሜዳው ላይ ያለውን ይቁረጥ፣ ገደሉን ይተው። አንቺ ንገሪው።

ልጅሽ


ሚያዝያ 2 ቀን

ለልጄ፣

ረጅም ዕድሜ ከረጅም ትዕግሥት ጋር ይስጥህ፤ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይበቃ እኔ እያየሁት ነው። ክሩ ደርሶኛል፤ ተባረክ።

ለምን አልነገርሽኝም አልከኝ። ደብዳቤ ላይ ስጽፈው እውነት የሚሆንብኝ መስሎኝ ነው።

ያልከውን ነግሬዋለሁ። ምሳ ሊበላ መጥቶ ነበር። ስለ ሥሩም፣ ስለ ምንጩም፣ ወንድምህ እንዲህ ይላል ብዬም ነገርኩት። እያኘከ ሰማኝ። ከዚያ «አክስቴ፣ እኔና ፍንጭት ስንራብ ያ ተራራ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ አላየንም» አለ። እኔ ግን አይቼሃለሁ፣ ስትራብ ያበላሁህ እኔ ነኝ አልኩት። ሳቀ፤ ግንባሬን ስሞ ሄደ። ፍንጭት ያለው ፎቶው ላይ ያየኸውን ጓደኛውን ነው፤ የፊት ጥርሱ ስለተፈነጨ ነው እንዲያ የሚሉት። አብረው ነው የሚበሉት፣ አብረው ነው የሚቆርጡት።

ነበር ልበል። ፍንጭት ሞቷል።

መጋዙን ሲያስገባ ግንዱ ውስጥ ከነበረ ብረት ጋር ተጋጨ። ሰንሰለቱ ተበጥሶ ወደ ኋላ ተወነጨፈና ጉሮሮውን በጠሰው። ጉልቤ ተሸክሞት ገደሉን በሩጫ ወርዶ ጤና ጣቢያ ደረሰ። ከአገጩ እስከ ጫማው ደም ነበር፤ አንዲት ጠብታ የራሱ አልነበረችም። «ስፊው» ይለኛል። የምሰፋው አልነበረም። ሰውነቱ ቀዝቅዟል አልኩት። እንደገና «ስፊው» አለኝ። ከእጁ ላይ ሬሳውን ለመውሰድ ሦስት ሰው ፈጀ።

ግንዱን ፈልጠው አዩት። ውስጡ እንደ ጣት የወፈረ ምስማር ነበር፤ ቅርፊቱ በሙጫ ተደፍኗል። ሌሎቹም ላይ አገኙ።

ጋሽ ሙጫ ቤት ሄድኩ። ታችኛው ሰፈር፣ ከገደሉ ሥር የመጀመሪያው ቤት ነው። ሚስቱ ልጆቹን እያጠበች ነበር። አንተ ነህ ወይ አልኩት። አልካደም። ለመንኳቸው፣ ከሰስኳቸው፣ ጣቴን ሰበሩት፣ ሌላ ምን ቀረኝ አለ። መጋዛቸው ይበላሻል ብዬ እንጂ አለና ሊጨርሰው አልቻለም። ሚስቱ ሰማች። ውኃውን እንደያዘች ቆመች። ከፊቷ የሚጠብቃትን ነገር እኔም አየሁት።

ጉልቤ ቀብር ላይ አላለቀሰም። የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ልጄ፣ ወራጁም ጣሪያውም ይቅርና አንተ ና። አንተን ይሰማል።

አክስትህ


ግንቦት 6 ቀን

ለአክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለመምጣት አለቃዬን ጠይቄ ነበር፤ የተከላው ወቅት ነውና እስኪያልቅ ጠብቅ አለችኝ። ይህን ጽፌ ልልክ ከተማ ስወርድ ነው ስልክ ያገኘኝ። የአጎታችን ልጅ ነገረኝ። ጋሽ ሙጫ ሞቷል፤ ጉልቤ ይፈለጋል።

ስሚኝ። እዚያ ገደል ነው። በገደል ሰው ይወድቃል፤ ድንጋይ አናቱን ይመታዋል፣ ጉቶ ይወጋዋል። ሬሳውን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ዶክተር የለም፣ አንቺ ያልሽው ነው የሚጸናው። ወድቆ ነው በይ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ወራጁንም፣ የአባቴንም ቤት፣ ሁሉንም ትቻለሁ። አንድ ወንድም ነው ያለኝ። ወድቆ ነው በይ።

ልጅሽ


ግንቦት 29 ቀን

ለልጄ፣

እንዴት እንደምመርቅህ አላውቅም ዛሬ። ጆሮህ የምነግርህን እስከ መጨረሻው እንዲሰማ ብቻ ፈጣሪ አቅም ይስጥህ።

ከቀትር በኋላ ነበር። ቅጠል ሊጠርጉ የወጡ ሴቶች ናቸው ጋሽ ሙጫን በነጠላቸው ተሸክመው ያመጡት። መጥረቢያው ከአንገቱና ከትከሻው መሐል ገብቷል፤ ተነቅሎ እንደገና ገብቷል። ጡጫዬን ቁስሉ ውስጥ ከትቼ ደሙን ይዤ ቆየሁ። ልቡ ጣቶቼ ሥር ይመታ ነበር። ማን እንደመታው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። «ከላይ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ሰዉን ከታች አውጪ» ነበር ያለኝ። መቃዠት መሰለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ስለው ልቡ ቆመ።

መጋረጃ ጋርጄበት እጄን ስታጠብ በጓሮ በር አንድ ሰው ገባ። ጉልቤ ነው። የቀኝ ክንዱ ከክርኑ እስከ አንጓው በገጀራ ተከፍቷል፤ ጋሽ ሙጫ ዝም ብሎ አልሞተም። አልጋው ላይ ተቀመጠና ክንዱን ዘረጋልኝ። እንደ ሕፃንነቱ፤ እሾህ ሲወጋው እንደሚዘረጋልኝ።

ሰፋሁት። አንተ በላክልኝ ክር ነው የሰፋሁት። ማደንዘዣ አልነበረኝም፤ አልጮኸም። መሐል ላይ ሞተ ወይ አለኝ። ሞተ አልኩት፤ ከመጋረጃው ኋላ ነው። ፍንጭትን ገድሎብኛል አለ። እሱ ምስማር ነው የመታው፣ አንተ ሰው ነው የመታኸው አልኩት። መጋረጃውን ብቻ ያያል።

ክሩን ቋጥሬ ስጨርስ እንዲህ አልኩት፦ «የሰፋሁህ ነርስ ስለሆንኩ ነው። አክስትህ ደግሞ የምትልህን ስማ፤ ሄደህ እጅህን ስጥ። ካልሰጠህ ፖሊስ ሲመጣ ያየሁትን እናገራለሁ።»

ቆመ። በሬን እንደሞላው ነገርኩህ፤ ያን ዕለት ክፍሉን ሞላው። የሠራሁበት መቀስ አጠገቡ ነበር። አላነሳውም። ወጥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ደኑ ሄደ።

ፖሊሶቹ መጡ፤ ነገርኳቸው። ወድቆ ነው በይ አልከኝ። ልጄ፣ ገደል ሁለት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ አይመታም። ሚስቱ ሬሳውን ስታጥብ አብሬያት ነበርኩ። ስለ ስንጥቁም ለቀበሌው ነገርኩ፤ ሰው ልከን እናያለን አሉ። ለእሷም ነገርኳት፤ ሁለት ልጅ ይዤ ወዴት ልሂድ አለችኝ።

አክስትህ


ሰኔ 15 ቀን

ጠላት ቢሆን ይራራ ነበር። ስፌቱን ጨርሰሽ አሳልፈሽ ሰጠሽው። ከማሕፀንሽ የወጣ ቢሆን ኖሮ አፍሽ እሺ አይልሽም ነበር። አላወቅሽውም፤ ስላልወለድሽ አልፈርድብሽም። ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

አትጻፊልኝ ባልከው ቆይቻለሁ። ወንድምህ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ግን ይገባሃልና ይህን አንዱን አንብበህ ከፈለግህ ቅደደው። ስለመውለድ ያልከውን ቀኑን ሁሉ እየሠራሁ ረሳሁት እላለሁ፤ ሳልረሳው ይመሻል።

ክረምቱ ዘንድሮ ከባድ ነበር። ነሐሴ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። አንድ ቀን ጠዋት ምንጩ ድንገት ቆመ፤ ቆይቶ እንደ ደም ቀልቶ መጣ። እኛ ቆሻሻ ዘግቶት ነው ስንል ጉልቤ ከላይ ሆኖ ነገሩን እያየ ነበር። የቆራጮቹ የድሮ ጎጆ ውስጥ ነበር የተደበቀው። በኋላ እንደነገረኝ መጀመሪያ ጉቶዎቹ ናቸው የተንቀሳቀሱት፤ እንደ ከብት እየተጋፉ ቁልቁል መሄድ ጀመሩ። ግንድ የጎተቱበት ቦይ ሁሉ ወንዝ ሆኗል። ከጎጆው በስተጀርባ ሸንተረሩ አለ፤ ቢሻገረው እስከ ዛሬ የሚያገኘው አልነበረም። እሱ ግን ወደታች ሮጠ።

የመጀመሪያው ቤት የማን እንደሆነ ታውቃለህ። በሩን ደበደበ፣ «ውጪ! ተራራው መጣ!» አለ። ባሏን የገደለው ሰው ድምፅ ነው። መቀርቀሪያውን ወርውራ ቁም ሳጥኑን በሩ ላይ ገፋችበት። በትከሻው ሰብሮ ገባ። ምድጃ ላይ የፈላ ውኃ ነበራት፤ በፊቱ ላይ ደፋችበት። እንዲያም ሆኖ አልተመለሰም። አንዱን ልጅ በብብቱ፣ አንዱን በትከሻው አድርጎ እሷን በጸጉሯ ይዞ እየጎተተ ወጣ። የምትጮኸው ጩኸት ላይኛው ሰፈር ይሰማ ነበር።

ታችኛው ሰፈር ሁሉ ወጣ። «ገዳዩ መጣ፣ ሊጨርሳቸው ነው» ተባለ። ዱላ ያለው ዱላ፣ አካፋ ያለው አካፋ፣ ሴቱም ድንጋይ ይዞ ተከተለው። ሕፃናቱ እናቶቻቸውን ተከተሉ። እሱ እየሮጠ ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ የጤና ጣቢያው ግቢ ከፍታ ላይ ነው። በሩ ላይ ደረሱበት። ልጆቹን ከእጁ ነጠቁና ይቀጠቅጡት ጀመር። አካፋ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። እኔ ላዩ ላይ ወደቅኩ፤ አንድ ዱላ እኔንም አገኘኝ። «ምቱት» እያለ የሚጮኸው ሰው አፉን ሳይዘጋ ነው ተራራው የወረደው።

ድምፁን ልነግርህ አልችልም። አንተ ስለ እሳቱ የባቡር ድምፅ ጽፈህልኝ ነበር፤ የኛው ከመሬት ውስጥ ነው የመጣው፣ በጥርሳችን ነው የሰማነው። ዞር ስንል ታችኛው ሰፈር የለም። ጭቃ፣ ጉቶ፣ ጣሪያ፣ አንድ ላይ ይፈሳል። ዱላ የያዘው ሰው ዱላውን እንደያዘ ቤቱን ይፈልጋል። ሊገድሉት ብለው ስለወጡ ነው የተረፉት። መሮጥ ያልቻሉት፣ አልጋ ላይ የነበሩት፣ ቀርተዋል። በእጃችን ቆፍረን ያወጣናቸው አሉ፤ አንዳንዶቹን በልብሳቸው ነው የለየናቸው።

የሰፈሩ አንድ ጥግ አልተነካም። ከእሱ በላይ ጋሽ ሙጫ ምስማር የመታባቸው ጥዶች አሉ፤ ፍንጭት ከሞተ በኋላ የሚነካቸው ጠፍቶ ቆመው ቀርተዋል። ጭቃው እዚያ ሲደርስ ተከፍሎ አለፈ። ይህን ስጽፍልህ ፍንጭትን አልረሳሁም። እንዴት አድርጌ አንድ ላይ እንደማስበው ግን አላውቅም።

ጉልቤ የግራ ዓይኑ ጠፍቷል። እጁን የሰጠው እዚያው ጭቃ ውስጥ ሲቆፍር ነው፤ ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ እስኪጨርስ ጠበቀው።

ችሎቱ ባለፈው ወር ነበር። እኔ ያየሁትን ተናገርኩ። በአንድ ዓይኑ ሲያየኝ ቆየና ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ልክ ነሽ እንደማለት። ከእኔ ቀጥላ የጋሽ ሙጫ ሚስት ቆመች። ዳኛው የምትዪው ካለ አሏት። «ባሌን የገደለው እሱ ነው። እኔንና ልጆቼንም ያወጣን እሱ ነው። ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱን ብቻ እንዳትጽፉ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ረጅም ዓመት ተፈረደበት። ገመድ ግን አልተፈረደበትም።

በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ። ዓይኑን እያጠብኩ አስርለታለሁ። ስለ አንተ ይጠይቀኛል፤ ሥራ በዝቶበት ነው እለዋለሁ።

አክስትህ


ጥር 19 ቀን

ለእናቴ፣

የዛሬውን ሰላምታ መሬት ስሜ ነው የምልክልሽ። ደብዳቤሽ እጄ ከገባ ወዲህ ሥራ ላይ አለሁ ይባላል እንጂ የለሁም። አለቃዬ ጠርታ ምን ሆነሃል አለችኝ፤ አንብቤ ተረጎምኩላት። የተራገመችውን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ሂድ አለችኝ።

እመጣለሁ። ለጉልቤ አንተው ራስህ ትነግረዋለህ ብለሽ እንዳትተዪው፤ ንገሪው። ከእሱ ጋር ምን እንደምነጋገር አላውቅም፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዝም ማለትም አንድ ነገር ነው።

ገደሉን እንዲሁ ልንተወው አንችልም፤ ባዶ ከቆየ የቀረውም ይከተላል። መጀመሪያ ቶሎ የሚይዝ ሣርና ቁጥቋጦ በአግድም፣ ውኃውን የሚያዘገይ። ከዚያ ጥድ። ጥድ ባዶ አፈር አይፈራም፤ ጥላ ነው የሚጠላው። ግን ችግኙን በተገኘው አፈር ማፍላት አይሆንም። ከቆሙት ጥዶች ሥር፣ ያ ነጭ ክር ያለበትን አፈር ጥቂት ጥቂት መቀላቀል አለብን፤ ያለዚያ ይጠወልጋል። ሥሩ አፈሩን እስኪጨብጥ ብዙ ክረምት ያልፋል። እስከዚያ ማንም እዚያ ሥር ቤት እንዳይሠራ።

የቆሙት ጥዶች ያሉበት ደግሞ የጋሽ ሙጫ ሚስት ሰፈር ነው። አሁን እዚያው፣ ባልተነካው ጥግ፣ ዘመድ ቤት ተጠግታለች ሲሉ ሰማሁ። አፈሩን ለመውሰድ በደጇ ማለፍ አለብኝ። ሳላስፈቅዳት እንዴት አልፋለሁ? ባሏን የገደለው ሰው ወንድም ነኝ። ብትወረውርብኝም የምትወረውረውን ልቀበል። ግን አስቀድመሽ ጠይቂልኝ። አትምጣ ካለች በሌላ በኩል ቆፍሬም ቢሆን መንገድ አወጣለሁ።

ልጅሽ


የካቲት 24 ቀን

ለልጄ፣

መንገዱን ያቅናልህ። ከላይ የጠራኸኝን ስም አይቼዋለሁ፤ ስለሱ ስትመጣ እናወራለን፣ ወይም አናወራም።

ለጉልቤ ነግሬዋለሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቆይቶ ጃኬት ይዞ ይምጣ፣ ተራራው ላይ ብርድ ነው አለ።

እሷ ጋ ሄድኩ። ልብስ እያሰጣች ነበር። ልትተክል እንደምትመጣ፣ ደጇን ማለፍ እንዳለብህ፣ የማን ወንድም እንደሆንክ፣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። ልብሱን አስጥታ ጨረሰች። መቆንጠጫውን ሁሉ ተጠቀመች፤ የቀረ እርጥብ ልብስ እጇ ላይ ይዛ ቆመች። ልጆቿ ግቢ ውስጥ ይሯሯጣሉ። የሚቸኮልበት ነገር አይደለም።

በመጨረሻ «ቁመቱ እንደ ወንድሙ ነው? በር ይሞላል?» አለችኝ።

አይደለም፣ እሱ አጠር ያለ ነው፣ ከእኔ ብዙም አይበልጥም አልኳት።

በሩን ዞር ብላ አየችው።

«እንግዲያው ይምጣ» አለች።

አክስትህ